ከጎማው ጀምር

ቆይ አቡሽ፣ «ግዛ» የሚለውን አትጫን። ከኋላህ ቆሜ ዓይንህ የት እንዳረፈ እያየሁ ነው፤ ልብህን የወሰደው የዚያ ድንጋይ የሚወጣ የሪሞት መኪና የዲፌንደር ቦዲ ነው። ሁሉም በቦዲ ነው የሚታለለው። ድንጋይ የሚወጣው ግን ከታች ያለው ነው። ስለዚህ ገንዘብህን ከመሬት ጀምረህ ወደ ላይ አውጣ፤ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ መሪ፣ ከዚያ ሞተር፤ ቦዲው ከተረፈህ።

ደግሞ ይህን ዋጋ አይተህ ረከሰ አትበል። ኪት የሚሉት ሳጥን ውስጥ ሻሲ፣ ፖንቴ፣ ካምቢዮ፣ አሞርዛተርና በየከረጢቱ ብሎን አለ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ፣ ኢኤስሲ የሚሉት የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ሪሞቱ፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ቀለሙም ለየብቻ ነው የሚገዛው። ያየኸውን ዋጋ እጥፍ አድርገህ አስብና ከቻልክ ግባበት። ተገጣጥሞ የሚመጣው በጠቅላላ ርካሽ ይወጣልሃል፤ አልዋሽህም። ፍላጎትህ ዛሬ ማታ መንዳት ብቻ ከሆነ እሱን ግዛ፣ ማንም አይስቅብህም። ኪት መፍታትና መግጠም ለሚወድ ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ አባባ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ ይዘህ ያደግክ ልጅ ነህ። በዚያ ላይ ይህ መኪና ከድንጋይ ላይ ሲንከባለል የሚውል ነገር ነው፣ መሰበሩ አይቀርም። በእጅህ የገጠምከውን ማንንም ሳትጠይቅ ትፈታዋለህ።

የትኛውን? አንድ አሥረኛ መጠን ያለውን ያዝ፤ ዕቃው ያለው እዚያ ነው። ትራክሳስ በ2017 ያወጣው ቲአርኤክስ-4 በኪትም ይመጣል፤ ካምቢዮው ሁለት ማርሽ አለው፣ ዲፈረንሻሉንም በሪሞት መቆለፍና መልቀቅ ትችላለህ። በዚያ ላይ ፖርታል አክስል አለው። ያ ማለት ፖንቴው ከጎማው መሃል ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ በየጎማው ዳር ባሉ ጥርሶች ወደ ታች ይወርዳል፤ የመርሰዲሱ ኡኒሞግም አሠራሩ ይኸው ነው። የመኪናው ሆድ ከድንጋዩ ይርቃል፣ ጥሩ ነው። ግን በየጎማው ተጨማሪ ጥርስ፣ ተጨማሪ ኩሽኔታ፣ ተጨማሪ ሥራ አለው። አርሲ4ደብሊውዲ የሚሠራው ትሬይል ፋይንደር 2 ደግሞ እንደ እውነተኛው አሮጌ ፒካፕ ባሌስትራ ላይ የቆመ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ባሌስትራው ግን ግትር ነው፣ የተመሰቃቀለ ድንጋይ ላይ እንደ ሞላ አይለጠጥም። የታሚያው ሲሲ-02 መግጠሙ ደስ ይላል፣ መመሪያ እንደ ታሚያ የሚያሳምር የለም፤ እሱን ግን ለአቧራ መንገድ እንጂ ለገደል አልመክረውም።

እኔ ለመጀመሪያ የምሰጥህ ቀጥ ያለ ፖንቴ ያለውን ነው፤ የአክሲያል ኤስሲኤክስ10 ሁለተኛው ትውልድ ወይም የኤለመንቱ ኢንዱሮ። ዲፈረንሻላቸው እንደተቆለፈ ነው የሚገጠመው፣ ግራና ቀኝ ጎማ እኩል ይዞራል፣ አንዱ አየር ላይ ቢቀር ሌላው መግፋቱን አይተውም። ወለል ላይ ሲታጠፍ ጎማው ቢንሸራተት አትደንግጥ፤ ጠባዩ ነው። መለዋወጫቸውንም እንደ ልብ ታገኛለህ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ዘንግ ሲሰበርብህ ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ትነግረኛለህ።

ቦዲ የግድ ካልክ፣ ቢያንስ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ልክ እይ። ያልኩህ ኤስሲኤክስ10 በ313 ሚሊ ሜትር ነው የሚቆመው፣ የቲአርኤክስ-4ቱ ዲፌንደር 324 ነው። አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች አትበል፤ ጎማው መከለያው ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ መሬት ውረድ። ጎማው ለስላሳ ይሁን፤ ድንጋዩ ላይ እንደ እንጀራ መተኛት አለበት። ጠንካራ ጎማ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ይንሸራተታል። ውስጡ አየር የለም፣ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጁም መኪናውን መሸከም እንጂ ጎማውን መወጠር የለበትም። ቸርኬውን በብሎን የሚጨብጥ ዓይነት ግዛ፣ በሙጫ የሚጣበቀውን ተወው፤ ስፖንጁን ለመቀየር ስትፈልግ ታመሰግነኛለህ። ክብደትም ከጎማው ጋር የሚታሰብ ነው። ከናስ የተሠሩ ቁራጮች አሉ፣ የፊት ጎማዎቹ አካባቢ ታስራቸዋለህ፤ ባትሪውንም ቦታ ካለ ወደ ፊት አምጣው። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የፊቱ ከበድ ማለት አለበት። ያችን ፖርቶመጋላ ከነጀሪካኗ ጋሪህ ውስጥ አይቻታለሁ። አውጣት። ከላይ የጫንከው ሁሉ መኪናውን ይገለብጠዋል።

ሰርቮ ላይ አትቆጥብ። ጎማው ሁለት ድንጋይ መሃል ሲሰነቀር መሪውን የሚያዞረው እሱ ነው፤ ደካማው እዚያው እየጮኸ ይቃጠላል። ጥርሱ ብረት፣ ጉልበቱ ከ25 ኪሎግራም ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ሞተር ላይ ግን ቆጥብ! ሁሉም ሰው ገንዘቡን የሚደፋው እዚያ ነው። ቀላሉ ባለ ብሩሽ 540 ሞተር፣ 35 ወይም 45 ተርን ይበቃሃል፤ ተርኑ በበዛ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አነዳዱም በእጅህ ይሆናል። የሚያስፈልግህ በእግር የሚሄድ ሰውን የማይቀድም መኪና ነው። ኢኤስሲው ደግሞ ክሮለር ለሚሉት፣ እንዲህ ድንጋይ ለሚወጣ መኪና የተሠራ ይሁን፤ የሆቢዊንግ 1080 ብዙ ሰው የሚይዘው ነው። ከሁሉም የምፈልግልህ ድራግ ብሬኩን ነው፣ ጋዙን ስትለቅ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን። እስከ መጨረሻው ጨምረው፤ ቁልቁለት ላይ መኪናው ባለበት ይቆማል።

ሳጥኑ ሲመጣ ከረጢቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳትቀድ። መመሪያውን መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው፣ ከዚያ በተራ አንድ ከረጢት ክፈት፣ ጨርስ፣ ሌላውን ክፈት። ጥሩ ባለ ስድስት ማዕዘን ካቻቢቴ ግዛ፤ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊ ሜትር። በሳጥኑ የሚመጣችው የታጠፈች ቁልፍ የብሎኑን ራስ ትበላዋለች። ብሎን ወደ ብረት ሲገባ ዘይቱን በአልኮል ጠርገህ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አድርግበት፤ ቀዩን አትግዛ፣ ያለ ሙቀት አይፈታልህም። ብሎኑ ወደ ፕላስቲክ ሲገባ ግን ማጣበቂያ አይነካውም፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ፕላስቲክ ላይ ኃይለኛ አትሁን። በኤሌክትሪክ ካቻቢቴ አትሞክረው፤ በእጅህ አጥብቀህ የብሎኑ ራስ ወለሉን ሲነካ አቁም። ፈትተህ ስትመልስ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙረው፣ የድሮውን ጥርሱን ሲያገኝ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ወደ ፊት።

ፖንቴውን ከሻሲው የሚያይዙት ዘንጎች ግራና ቀኛቸው በመለኪያ እኩል ይሁን፤ አንዱ ቢረዝም መኪናው ገደድ ብሎ ይሄዳል፣ አንተም ምክንያቱን ስትፈልግ ትውላለህ። አሞርዛተሩ ላይ አትቸኩል። ዘይቱን ሞልተህ ዘንጉን ቀስ እያልክ ወደ ላይ ወደ ታች አድርገው፣ አረፋው እስኪወጣ አስቀምጠው፣ ሻይህን ጠጣ፣ ከዚያ ክደነው። አየር የቀረበት አሞርዛተር ሲጫን ይንፋጨጫል። ጎሚኒዋንም ከመግጠምህ በፊት በዚያው ዘይት አርሳት።

የሞተሩን ትንሽ ጥርስ፣ ፒኒየኗን፣ ከትልቁ ጥርስ ጋር ስታገናኝ መሃላቸው ቁራጭ ወረቀት አስገባ፣ ግፋው፣ ብሎኑን አጥብቅ፣ ወረቀቱን አዙረህ አውጣ፤ የቀረው ክፍተት ልኩ ነው። የሰርቮውን ክንድ ከማሰርህ በፊት ሪሞቱን አብርተህ ሰርቮው መሃሉን ይያዝ። ይህን የዘለለ ሰው መሪው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይታጠፍለታል። ሞተሩን ሳትገጥም ደግሞ ጎማውን በእጅህ አዙር፤ የሚይዝ ቦታ ካለ አሁን ፈልገው፣ ኋላ ሁሉን ትፈታለህ።

ቀለሙ አጭር ነው። ቦዲው ብርሃን የሚያሳልፍ ፖሊካርቦኔት ከሆነ ከውስጥ ነው የሚቀባው፣ ለእሱ በተሠራ ቀለም፣ ጠቆር ያለው ቀድሞ። አስቀድመህ በሳሙና እጠበው፤ የውጩን ላስቲክ መጨረሻ ላይ ላጠው። ሌላ ቀለም ከተጠቀምክ በመጀመሪያው ግልበጣ ይረግፋል።

ባትሪው ላይ ቀልድ የለም። ሁለት ሴል ያለው ሊፖ፣ 7.4 ቮልት፣ ለጀማሪ በቂ ነው። ቻርጀሩ ሴሎቹን እኩል የሚሞላ ይሁን፤ እየሞላ ትተኸው አትውጣ፣ ያበጠውንም ዳግም አትሙላ። ኢኤስሲው ላይ ሊፖ የሚለውን ምረጥ፣ ባትሪው ከመጠን በላይ ሳይወርድ ያቆምልሃል። ለሳምንታት የማትነዳ ከሆነ ሞልተህም አሟጠህም አታስቀምጠው፣ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ይሁን። ለገና ወደ አዲስ አበባ ይዤው እሄዳለሁ ማለትህን ሰምቻለሁ፤ መኪናው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ ባትሪው ግን ጫፉ ተሸፍኖ በእጅ ቦርሳህ ነው የሚሄደው። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው የአንተ ዓይነት 37 ብቻ ነው፣ አያስቸግርህም።

መጀመሪያ ስትነዳው አንድ ባትሪ ጨርስና ሁሉንም ብሎን መልሰህ ፈትሽ፤ የጎማ ዳዶዎቹ በተለይ ይላላሉ። እግረ መንገድህን ጣትህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። ጥቂት ሰከንድ መያዝ ካቃተህ የፒኒየኗ ጥርስ በዝቷል፣ ጥርሷ አነስ ያለ ቀይርበት። ትርፍ አንድ ሁለት ፒኒየን ከአሁኑ አብረህ እዘዝ፤ ዋጋዋ ከዚያች ጀሪካን አይበልጥም።