ፈረሰ ወይስ ተዛወረ? የኤሜክ ሲኒማ ታሪክና የእኛ ግስ አመራረጥ

የዜና አጻጻፍ ኮርስ ስንጀምር መምህራችን ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ነገር ነበር፦ ግስ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ያኔ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለ ኢስታንቡሉ ኤሜክ ሲኒማ ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በዚህች አጭር ጽሑፍ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲኒማው የተከፈተው በ1924 ቤዮግሉ በተባለው የከተማዋ ሰፈር ነው። የመጀመሪያ ስሙ "መሌክ" ሲሆን በቱርክኛ መልአክ ማለት ነው። የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ የመጣ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን "ሰይጣን ቤት" ነበር ያለው። እነሱ መልአክ፣ እኛ ሰይጣን!

በኋላ ስሙ ኤሜክ ተባለ፤ ትርጉሙ ሥራ፣ ድካም ነው። 875 መቀመጫ የነበረው አዳራሽ ጣሪያውና ግድግዳው በጌጥ ያሸበረቀ ነበር። የኢስታንቡል ፊልም ፌስቲቫልም ለብዙ ዓመታት ዋና ቤቱ አድርጎት ቆይቷል።

አዳራሹ በ2010 ተዘጋ። በቦታው የገበያ ማዕከል ሊሠራ ታሰበ። እዚህ ላይ ነው የግሱ ጣጣ የሚመጣው። የዕቅዱ ደጋፊዎች ሲኒማው አይፈርስም፣ ጌጡ ተነቅሎ ወደ አዲሱ ሕንፃ ላይኛ ፎቅ ይዛወራል አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ ከመንገድ ገብተህ የምታገኘው አዳራሽ ሱቅ ለሱቅ አልፈህ ፎቅ ወጥተህ ከምታገኘው ጋር አንድ አይደለም አሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2013 ፌስቲቫሉ እየተካሄደ ሳለ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር ኮስታ ጋቭራስም አብሯቸው ነበር። ፖሊስ ሰልፉን በውኃና በአስለቃሽ ጭስ በተነ፤ ከታሰሩት መካከል አንድ የፊልም ሐያሲ ነበር። በግንቦት አዳራሹ ፈርሶ አለቀ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ እዚያው አካባቢ፣ ዓለም ያወቀው የጌዚ ፓርክ ተቃውሞ ተነሳ። በ2016 ኤሜክ የሚል ስም ያለው አዳራሽ በገበያ ማዕከሉ ውስጥ ተከፈተ።

እንግዲህ እኛ ዘጋቢ ብንሆን ምን ብለን እንጽፍ ነበር? "ተዛወረ" ካልን የፈረሰውን ግድግዳ እንደብቃለን። "ፈረሰ" ብለን ብቻ ካቆምን የተረፈውን ጌጥ እናስቀራለን። እንደ እኔ እንደ እኔ መፍትሔው የሆነውን በዝርዝር ማስቀመጥ ነው፦ ሕንፃው ፈረሰ፣ ጌጡ ተነቀለ፣ በሌላ ፎቅ ላይ ተገጠመ። "ተዛወረ" የሚለው ቃል ግን የተናጋሪው ነው፤ ተናጋሪው ይጠቀስ።

እኔ ባደግሁባት ትንሽ ከተማም አባቴ ልጅ ሳለ ፊልም ያይበት የነበረ አዳራሽ ዛሬ የለም። "ምን ሆነ?" ብዬ ስጠይቀው "ተነሳ" አለኝ። ማን አነሳው? መቼ? የት ሄደ? አባቴ ከዚያ በላይ አላለም፤ እኔም አልገፋሁም። ለክረምት ዕረፍት ስገባ ግን ደብተር ይዤ የሠፈሩን ሽማግሌዎች እጠይቃለሁ። እናንተም በየከተማችሁ ሞክሩት፤ የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት እያሉ።