የነጋድያን መንገድ መሪ መጽሐፍ

በአውሮፓ ከተሞች ከሚኖሩት ወጣት ምእመናኖቻችን አንዳንዶቹ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ፣ ይኸውም በሰሜን ምዕራብ ስፔን ወደሚገኘው የሐዋርያው የቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር፣ በእግር ለመጓዝ አስበው «የትኛውን መንገድ መሪ መጽሐፍ ይዘን እንሂድ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የአንድ መጽሐፍ ስም ጽፈን ብንልክላቸው በተፈጸመ ነበር። ነገሩን በጥቂቱ ስንመረምረው ግን፣ መንገድ መሪ መጽሐፍ ርቀት ከመቁጠር ያለፈ ሥራ እንደሚሠራ፣ ተጓዡን በመንገዱ ዳር ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ሊያስተዋውቀው ወይም ሊያራርቀው እንደሚችል ተገነዘብን። ስለዚህ መልሳችንን በጥናት መልክ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁሉ ማቅረብን መረጥን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ነጋዲ» የተባለው የግእዝ ቃል ለንግድ የሚመላለሰውንም ለበረከት የሚጓዘውንም ያጠቃልላል። ሁለቱም ውኃው የት እንደሚገኝና ሌሊቱ የት እንደሚታደር አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉና ቃሉ መጋራቱ አያስደንቅም። በ333 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ከተማ ከቦርዶ ተነሥቶ እስከ ኢየሩሳሌም የተጓዘ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ክርስቲያን ፈረስ የሚለወጥባቸውንና የሚታደርባቸውን ስፍራዎች ከነርቀታቸው ጽፎ ትቶልናል። ከሀገራችንም በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቬኒስ የደረሱ መነኰሳት ከኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዱትን መንገዶች አሌሳንድሮ ዞርዚ ለተባለ የከተማው ሰው በቃል ነግረውት፣ እርሱ በጽሑፍ አስፍሮታል፤ ጽሑፉም በ1958 በእንግሊዝ አገር ታትሟል። አባቶቻችን መንገዱን በእግራቸው ያውቁት ስለ ነበር መጽሐፍ አላሻቸውም፤ መጽሐፍ የሆነው የጠየቃቸው እንግዳ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ወደ ኮምፖስቴላ ስለሚወስደው ጎዳና ከተጻፉት ሁሉ የሚቀድመው በ12ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተዘጋጀው «የቅዱስ ያዕቆብ መጽሐፍ» ነው። በር.ሊ.ጳ. ካሊክስቶስ 2ኛ ስም በተጻፈ መልእክት ስለሚጀምር «ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ» ተብሎም ይጠራል። እኒህ አባት ግን ያረፉት በ1124፣ መጽሐፉ ከመጠናቀቁ በፊት ነበርና ሊቃውንት ስሙን የውሰት ስም ይሉታል። ከመጽሐፉ አምስት ክፍሎች የመጨረሻው የነጋድያን መምሪያ ነው፤ ብዙዎች ኤሜሪክ ፒኮ ለተባለ፣ በምዕራብ ፈረንሳይ የፑዋቱ ተወላጅ ለነበረ ካህን ይሰጡታል። ጥንታዊው ቅጂ በ2011 ከካቴድራሉ ተሰርቆ በሚቀጥለው ዓመት ተገኝቷል።

ይህን መምሪያ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሁለት ልዩ ልዩ ጸሐፊዎችን ያገኘ ይመስለዋል። አንደኛው ትሑትና አመስጋኝ ነው። ከ1120 በፊት ከራባናል እስከ ፖርቶማሪን ያለውን መንገድ የጠገኑትን ሰዎች በየስማቸው ይቈጥራል፤ ከእነርሱም አንዱ በሚኞ ወንዝ ላይ ፈርሶ የነበረውን ድልድይ እንደገና የሠራው ጴጥሮስ ነው። ነጋድያን ከትሪያካስቴላ የኖራ ድንጋይ ተሸክመው እስከ ካስታኜዳ ያደርሱ እንደ ነበረ፣ ድንጋዩም በዚያ ተቃጥሎ ለሐዋርያው ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ይውል እንደ ነበረ ይነግረናል። የነጋዲው ትከሻ ያለ ሸክም እንዳልተጓዘ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ጸሐፊ ቍጡ ነው። በናቫራ ግዛት በሎርካ አጠገብ ስላለ ጨዋማ ወንዝ ሲጽፍ፣ ሁለት የአገሩ ሰዎች በዳርቻው ተቀምጠው ቢላዋ ሲስሉ እንዳገኟቸው፣ ውኃው ለፈረሶች ይስማማ እንደ ሆነ ሲጠይቋቸውም «ይስማማል» እንዳሏቸው ይተርካል። ፈረሶቹ ጠጡ፤ ሁለቱ ወዲያው ሞቱ፤ ሰዎቹም በዚያው ቆዳቸውን ገፈፉ። ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በደረሰበት ጉዳት መቈጣቱም አይፈረድበትም። ነገር ግን ጸሐፊው በሁለቱ ሰዎች ኃጢአት የናቫራንና የባስክን ሕዝብ በሙሉ ከነአመጋገቡ፣ ከነአለባበሱ፣ ከነንግግሩ እዚህ ልንደግመው በማይገባን ስድብ ሰድቦታል። የሚያስደንቀው ደግሞ በዚያው ገጽ የባስክን ቋንቋ ቃላት ማስፈሩ ነው፦ እግዚአብሔርንና እመቤታችንን እንዴት እንደሚጠሩ፣ እንጀራን፣ ወይንን፣ ቤትን ምን እንደሚሉ። ዛሬ የዚያ ቋንቋ ተመራማሪዎች ይህን ዝርዝር ከጥንታዊ ምስክሮች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል። እንጀራና ወይን የሚሉትን ቃላት ያስተማረው መቼም ከተሳደበው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው መሆን አለበት። ያ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም።

መምሪያው በምን እንደሚደመደም ግን ልብ ማለት ይገባል። የመጨረሻው ምዕራፍ ከኮምፖስቴላ የሚመለሱ ወይም ወደዚያ የሚሄዱ ነጋድያን፣ ድኾችም ይሁኑ ባለጠጎች፣ እንዴት መቀበል እንደሚገባቸው ያስተምራል። ቪልኔቭ በተባለ ስፍራ በረመጥ ሥር ዳቦ ሸሽጋ ሳለ «የለኝም» ብላ ነጋዲውን የመለሰችው ሴት ኋላ ፈልጋ ያገኘችው ክብ ድንጋይ ሆኖ እንደ ነበረ ይተርካል። በፑዋቲዬም በአንድ መንገድ ዳር ያሉት ቤቶች ሁሉ ሁለት እንግዶችን አናሳድርም ሲሉ የተቀበላቸው አንድ ድኻ ብቻ ነበር፤ በዚያች ሌሊት መንደሩ ሲቃጠል የድኻው ቤት ተረፈ ይላል። እንዲህ ያለው ትረካ ከሀገራችን ተአምራት ጋር የሚዛመድ ስለ ሆነ ለአንባብያን እንግዳ አይሆንም። መንገድን ለተጓዦች የሚያሳይ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ፊቱን ወደ ቤት ባለቤቶች ማዞሩን ግን በዛሬዎቹ መምሪያዎች ብዙ ጊዜ አናገኘውም።

በ1495 ሄርማን ኩኒግ የተባለ የማርያም አገልጋዮች ማኅበር መነኩሴ በጀርመንኛ በግጥም ያዘጋጀውን መምሪያም ማንሳት ይገባል። ከስዊዘርላንዱ ገዳም ከአይንዚድልን ተነሥቶ ድኻ ተጓዥ ምጽዋት የት እንደሚያገኝና አስቸጋሪ ተራሮችን በየት ዞሮ እንደሚያልፍ ያሳያል። ስለ እግር የሚያስብ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጎዳናው የሚረሳ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ያነሣው በ1929 የተወለደው የገጠር ቁምስና ካህን ኤሊያስ ቫሊኛ ሳምፔድሮ ነው። ቁምስናው ኦ ሴብሬይሮ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ በረዶና ጉም የማይለያት ትንሽ መንደር ናት። ምእመናን ይህችን መንደር በ1300 ዓ.ም. አካባቢ ተፈጸመ በሚባለው የቅዱስ ቁርባን ተአምር ሊያውቋት ይችላሉ፤ ጽዋውና ጻሕሉ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኗ ይታያሉ። አባ ኤሊያስ በሳላማንካ ጳጳሳዊ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጎዳናው ታሪክና ሕግ የዶክትሬት ጽሑፍ አዘጋጀ፤ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያንና የእንግዳ ማረፊያ አሳደሰ፤ በ1982ም የነጋዲ መምሪያ አሳተመ። መጽሐፉ ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳ ይመስላል። በ1984 መኪናውን በቢጫ ቀለም ሞልቶ ጎዳናውን እየተከተለ በዛፉ፣ በድንጋዩ፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ ቀስት ቀባ። ቀለሙ ከአውራ መንገድ ማስመሪያ የተረፈ እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ በዓለም የታወቀው ቢጫ ቀስት ጅምሩ ይኸው ነው። ማንበብ የማይችልም፣ መጽሐፍ የሚገዛበት የሌለውም በእርሱ ይመራል። አባ ኤሊያስ በ1989 አረፈ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የዓለምን ወጣቶች በኮምፖስቴላ ሰብስበው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጻሕፍቱ ቍጥር በዛ፤ ተጓዡም እንዲሁ። በ2024 የጉዞውን ምስክር ወረቀት የተቀበሉት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በሰፊው የተሰራጨው የጆን ብሪየርሊ መጽሐፍ በፈረንሳይ ካለው ከቅዱስ ዮሐንስ ፒየ ደ ፖር ጀምሮ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ33 ዕለታት ይከፍለዋል። በ2023 ያረፈው ደራሲ አንባቢው የውስጡን ጉዞም እንዲያስብ አጥብቆ ይመክራል። አንባቢ ግን ምክሩን ዘሎ ሠንጠረዡን ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ከተማ ተነሥቶ በአንድ ከተማ ያድራል፤ በመካከል ያሉት መንደሮች የሚታለፉ ብቻ ይሆናሉ። የ12ኛው መቶ ዓመት መምሪያም ከፒሬኔ ተራሮች በኋላ ያለውን ጎዳና በ13 ምዕራፎች ከፍሎ ነበር። ሆኖም ከኤስቴላ እስከ ናሔራ፣ ከናሔራ እስከ ቡርጎስ ያሉት ዕለታት በፈረስ መሆናቸውን በግልጽ አመልክቷል።

ይህን የምንጽፈው ከወቀሳው ነጻ ሆነን አይደለም። በ2014 ሮም ስንማር በበጋው ዕረፍት ከሁለት ካህናት ጓደኞቻችን ጋር ከኦ ሴብሬይሮ ተነሥተን ነበር። መጽሐፋችን የመጀመሪያውን ቀን 21 ኪሎ ሜትር አድርጎ ትሪያካስቴላ ላይ ይጨርሰዋል፤ በነሐሴ ወር አልጋ ቶሎ እንደሚያልቅም ያስጠነቅቃል። ገና በማለዳ፣ ከአልቶ ዶ ፖዮ ዳገት በታች፣ አንድ በዕድሜ የገፋ ተጓዥ ጫማውን አውልቆ በድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ አገኘን። ተረከዙ ተልጦ ደምቶ ነበር። ሰላምታ ሰጠነው፤ የቁስል መሸፈኛም ሰጠነው፤ ሰዓታችንን አየንና አለፍን። ትሪያካስቴላ ስንደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልሆነም፤ ከማረፊያው አልጋዎች የሚበዙት ባዶ ነበሩ። ማምሻውን ያ ሰው በአንድ ገበሬ መኪና ተጭኖ መጣ። ገበሬው ደግፎ አወረደው፤ ቦርሳውን እስከ አልጋው ድረስ ተሸከመለት፤ ምንም ሳይቀበል ተመለሰ። ሰውየውም እኛን ሲያይ ፈገግ ብሎ ስለ መሸፈኛው አመሰገነን። ሦስታችንም ካህናት ነበርን፤ የሉቃስን ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ የሚያስታውሰን ሰው አላስፈለገንም። በማግሥቱ ወደ ሳሪያ ከሚወስዱት ሁለት መንገዶች መጽሐፉ በሳን ሺል በኩል ያለውን አጭሩን ቢያስቀድምም፣ ከሰውየው ጋር እየቆምን እየተነሣን በሳሞስ ገዳም በኩል ያለውን ረጅሙን ሄድን። ያን ቀን ገጹን አልገለጥነውም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው የሀገራችን ሰውም ከኢየሩሳሌም ሲመለስ መጽሐፍ በእጁ ነበረ። ያልነበረው አብሮት በሠረገላው የሚቀመጥ ሰው ነበር። ፊልጶስን «ውጣና ከእኔ ጋር ተቀመጥ» ብሎ ለመጋበዝ አላፈረም።

እንግዲህ ለጠያቂዎቻችን እንዲህ እንመልሳለን። ማረፊያዎች በየዓመቱ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉምና በቅርብ ጊዜ የታተመ መጽሐፍ ግዙ፤ የዳገቱን ከፍታና የውኃውን ስፍራ እመኑት። በእጅ ስልክ የሚሠራውም መምሪያ ይጠቅማል፤ ባትሪው እስካለ ድረስ። የዕለቱን ርቀት ግን ከእናንተ መካከል በጣም ደካማው ሰው ይወስን። ከዕለታቱም ቢያንስ ሁለቱን መጽሐፉ በማያሳድርበት መንደር እደሩ፤ በዚያ ቅዳሴ ካለ ሰዓቱን የሚነግራችሁ የመንደሩ ሰው ነው። የምስክር ወረቀቱን ለመቀበል በእግር ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር መሄድና በነጋዲ መታወቂያችሁ ላይ በየቀኑ ሁለት ማኅተም ማስመታት ይጠየቃል። ማኅተሙን በየቡና ቤቱም ያገኙታል፤ የቁምስናው በር ክፍት ከሆነ ግን ከዚያ ይጀምሩ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ሥራ እናቀርባለን። ልጆቹ ከአውራ መንገዱ እስከ ቁምስናችሁ ቤተ ጸሎት ድረስ ያለውን መንገድ ፈጽሞ ለማያውቅ እንግዳ መምሪያ ይጻፉ። የትኛው ወንዝ በነሐሴ እንደሚሞላ፣ ውኃ ከየትኛው ቤት እንደሚጠየቅ፣ ጥላ ያለው ዛፍ የት እንደ ሆነ፣ ድልድዩን የሠራው ማን እንደ ነበረ ሰው ጠይቀው ያስገቡ። ከልጆቹ አንዱ «የእገሌ መንደር ሰዎች ክፉዎች ናቸው» ብሎ ቢጽፍ አትሰርዙበት፤ ከየት እንደ ሰማው ጠይቁት፤ ከዚያም ጽሑፉን ይዛችሁ ወደዚያው መንደር ሂዱና ለሽማግሌዎቹ አንብቡላቸው።