ጊንጡ ቅርፊቱን ሲለውጥ ቢጎዳ ምን እናድርግ?

ልጆቻችን የሚያሳድጉት የቤት እንስሳ ውሻና ድመት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በመስታወት ሣጥን ጊንጥ የሚቀልቡ ወጣቶችም አሉ። ጊንጥ ሲያዩ ድንጋይ ማንሳት ለለመዱ አባቶችና እናቶች ነገሩ ግራ ቢያጋባ አይገርምም። ሆኖም እንስሳው አንዴ ቤት ከገባ በኋላ ሲታመም "እማዬ፣ ምን ላድርግ?" ተብሎ የሚጠየቀው ወላጅ ነው። ዛሬ የምናነሣው አንድ ችግር ብቻ ነው፤ ጊንጡ ቅርፊቱን ሲለውጥ አሮጌው ቅርፊት እግሩ ወይም ጅራቱ ላይ ተጣብቆ ሲቀር።

ነርሶች ስለሆንን ከእንስሳው በፊት ስለ ሰው እንናገር። ለቤት በብዛት የሚቀለበው ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣውና እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚያድገው ጥቁር ጊንጥ ነው። ንድፊያው ያማል እንጂ፣ አለርጂ ከሌለ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከንብ ንድፊያ ብዙ አይከፋም። በእስራኤል በረሃማ አካባቢዎች የሚገኘው ቢጫው ጊንጥ ግን ሕፃን ሊገድል ይችላል። በነጌቭ ያለው ጅራተ ወፍራም ጥቁር ጊንጥም አደገኛ ስለሆነ "ጥቁር ነው፣ አይጎዳም" ብላችሁ አትፍረዱ። ልጅ ከሜዳ ይዞት የመጣው ጊንጥ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ሰው ከተነደፈ 101 ደውሉ፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። የጊንጥ ቅርፊት አብሮት አያድግም። ስለዚህ እያደገ ሳለ ብዙ ጊዜ ይለውጠዋል፤ ሙሉ በሙሉ ካደገ በኋላ ግን ይቆማል። ሊለውጥ ሲቃረብ ሆዱ ይወጠራል፣ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ምግብ እንቢ ይላል። ከዚያ አሮጌው ቅርፊት ከፊት በኩል ይሰነጠቅና እንስሳው ወደፊት ተስቦ ይወጣል። ይህ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በመሐል ዝም ብሎ ሲተኛ የሞተ ይመስላል። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ደንግጦ ሊረዳው ይጎትተዋል፣ ገና ያልጠነከረው እግር ይበጠሳል። ጊንጥ ደግሞ የተቆረጠ እግሩን መልሶ አያበቅልም።

ቅርፊቱ የሚጣበቀው በአብዛኛው አየሩ ስለደረቀ ወይም እንስሳው ውኃ ስለጎደለው ነው። በክረምት ማዝጋኑ ቀኑን ሙሉ ሲያሞቅ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚደርቅ ከራሳችን ከንፈር እናውቀዋለን። የምዕራብ አፍሪካው ጊንጥ እርጥበት ከ70 እስከ 80 በመቶ፣ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሣጥኑን አፈር ለብ ባለ ውኃ አርጥቡ፤ ጭቃ እስኪሆን ግን አይደለም። ሣጥኑን በጨርቅ አጨልሙና ለጥቂት ሰዓት ተዉት። አንዳንዴ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም።

ካልወጣለት፣ እጀታው ረጅም በሆነ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ለብ ያለ ውኃ ጠብታ በጠብታ የተጣበቀው ቅርፊት ላይ ብቻ አድርጉ። ጠብቁ፣ ድገሙ። ይህን የሚሠራው ትልቅ ሰው ነው፤ ጣት ወደ ሣጥኑ አይገባም፣ የሚነሣ ነገር ካለ በረጅም ወረንጦ ይነሣል። ጊንጡን ውኃ ውስጥ አትንከሩት። የሚተነፍሰው ሆዱ ሥር ባሉ 8 ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው፤ እነርሱ ውኃ ከሞላቸው ይታፈናል። ከቤታችሁ የመድኃኒት ሣጥንም አዮዲን፣ አልኮል ወይም የቁስል ቅባት አታውጡለት። ለሰው ቁስል የተሠራ ለጊንጥ አይሆንም።

እግሩ ተቆርጦ ፈሳሽ ከወጣ ደሙ ነው፤ እንደ እኛ ቀይ አይደለም፣ ጥርት ያለ ወይም ሰማያዊ መሳይ ነው። በጥጥ ጫፍ ትንሽ ኮርንፍሎር ቁስሉ ላይ ብቻ ማስነካት ፈሳሹን ለማቆም ይረዳል። አንድ ሁለት እግር የጎደለው ጊንጥ ኑሮውን ሊቀጥል ይችላል። እኛን የበለጠ የሚያሳስበን ሌላ ቦታ ነው። የሚጸዳዳበት ቀዳዳ የሚገኘው ጅራቱ ጫፍ፣ ከመርዙ ከረጢት አጠገብ ነው። እዚያ ቅርፊት ከቀረ ዓይነ ምድሩ ይታገድበታል። አፉ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ መቆንጠጫዎች ከተጣበቁም መብላት አይችልም። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብሩሹ ካልረዳ ልዩ ልዩ እንስሳት የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ይየው። ስትደውሉ "ጊንጥ ታያላችሁ?" ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም አያይም፣ መንገዱና ወጪው ባዶ እንዳይቀር።

ከቅርፊቱ የወጣ ጊንጥ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ሣጥኑ ውስጥ በሕይወት ያለ ፌንጣ ካለ ወዲያው አውጡ፤ የሚበላው ፌንጣ ራሱ ሊነክሰው ይችላል። ቀለሙ እስኪጠቁርና እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ያህል አትመግቡት። ጾሙ አይጎዳውም፣ ጥማቱ ግን ይጎዳዋል፤ ጠጠር የተደረገበት ዝቅ ያለ የውኃ ሳህን ይኑረው። መቆንጠጫው ከተጣመመ፣ የሞተ ፌንጣ ጨፍልቃችሁ በወረንጦ አፉ አጠገብ አስቀምጡለት። ሁሉም አይድኑም፤ ልጃችሁን በዚህ ላይ አትዋሹት።

ገና ልትገዙ ከሆነ የዝርያው ስም በቃባላው ላይ ይጻፍላችሁ። የበረሃ ጊንጥ ደረቅ አፈር ይፈልጋልና ስሙን ሳታውቁ ከላይ ያልነውን እርጥበት መስጠት ሊጎዳው ይችላል። መያዙ የተፈቀደ መሆኑንም ገንዘብ ሳትከፍሉ ከተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ጠይቁ። "ቅርፊት ማላቀቂያ" ተብሎ ውድ ጠርሙስ ቢቀርብላችሁ፣ ከላይ የተናገርነው ውኃና ብሩሽ ይበቃል።

ለፋሲካ ጽዳት መድቢር የምትጠሩ ደግሞ ይህን አስታውሱ፤ በረሮ የሚገድለው መድኃኒት ጊንጥንም ይገድላል። ከመረጨቱ በፊት ሣጥኑ ከነክዳኑ ወደ ሌላ ቤት ይወሰድ፣ ቤቱም በደንብ እስኪናፈስ አይመለስ።