ብዙ ሰዎች በአንድ የኢሜይል አድራሻ ሲጠቀሙ የስም መዝገብ እንዴት እንዲያዝ

በአገራችን ደብዳቤን እስከ ቤት ደጃፍ የማድረስ ልማድ ስላልተስፋፋ፣ የሰው አድራሻ የሚባለው ከዱሮ ጀምሮ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ ካቋቋሙ ወዲህ ሣጥን የተከራየ ሰው ሣጥኑን ለብቻው ይዞ አልኖረም፤ ወንድሙም፣ አበልጁም፣ ከባላገር የመጣው ዘመዱም ይጠጉበታል። ነገር ግን በፖስታው ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ከላይ የባለ ጕዳዩ ስም፣ ከበታቹም «በአቶ እገሌ በኩል» የሚል ቃልና የሣጥኑ ቁጥር። ሣጥኑን የከፈተው ሰው ስሙን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህች «በኩል» የምትባል ቃል ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ሰውዬውን ከሣጥኑ መለየት ስለ ሆነ ብዙ ጥፋት ታስቀራለች።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ የኢሜይል አድራሻም እንደ ፖስታ ሣጥኑ በጋራ ይያዝ ጀመር፤ «በኩል» የምትለው ቃል ግን በመንገድ ቀረች። ለምሳሌ አቃቂ ቃሊቲን እንመልከት። ይህ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ ያለ ክፍለ ከተማ ፋብሪካና መጋዘን ከአትክልት እርሻ ጋራ የሚዋሰንበት፣ ትንሹና ትልቁ የአቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱበት አገር ነው። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ አድራሻውን ሲጠየቅ የተማረ ልጁን አድራሻ ይሰጣል። ማኅበር የተቋቋመ እንደ ሆነም በማኅበሩ ስም አንድ አድራሻ ይከፈትና ሊቀ መንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም ያንኑ ያስመዘግባሉ። ባልና ሚስትም እንዲሁ። ይህን እንደ ድንቍርና ቈጥረው ባላገሩን የሚገሥጹ ጸሐፊዎች አሉ፤ ተግሣጹ ግን ከንቱ ነው። ሰዎቹ በሣጥኑ ዘመን የሠሩትን ነው የሠሩት፤ የጐደለው በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ነው።

የጕድለቱም ምክንያት ይህ ነው። በኮምፒውተርና በስልክ ያለው የአድራሻ መዝገብ ሰውን የሚለየው በስሙ ብቻ አይደለም፤ አድራሻውንም እንደ መታወቂያ ይቈጥራል። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው በዚያው አድራሻ ሲመዘገብ «ይህ ድጋሚ ነው፤ ይዋሐዱን?» ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊው ሳያስብ እሺ ያለ እንደ ሆነ የሁለቱ ሰዎች መዝገብ አንድ ይሆናል፤ የአንደኛው ስም ይቀራል፣ የሁለተኛው ይጠፋል፤ ስልካቸውና ቀበሌያቸው ተቀላቅሎ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። እንዲሁም ከዚያ አድራሻ መልእክት በመጣ ጊዜ መኪናው የሚያሳየው ቀድሞ የተመዘገበውን ስም ሊሆን ይችላል፤ የጻፈው ግን ሌላው ነው። ሹሙም ለአባትየው የመለሰ መስሎት ከልጁ ጋራ ይጻጻፋል።

እንግዲህ መፍትሔው «በኩል» የምትለውን ቃል መመለስ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ዋናውን የስም መዝገብ በሠንጠረዥ ለብቻው ይያዝ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መሥመር ይኑረው፤ አድራሻው የሦስት ሰዎች ቢሆን በሦስቱም መሥመር ሳይሰለቹ መጻፍ ይገባል። ከአድራሻው ቀጥሎ «በማን በኩል» የሚል ዐምድ ይከፈትና ሣጥኑን በእጁ የሚከፍተው ሰው ስም ይግባበት፤ ከዚያም የባለ ጕዳዩ የራሱ ስልክና አድራሻው የተረጋገጠበት ቀን። በኢሜይሉ መዝገብ ውስጥ ግን ያ አድራሻ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቤተ ሰቡ ወይም በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ የሰዎቹም ስም በማስታወሻው ቦታ ይዘርዘር። እንዲህ ከሆነ መኪናው የሚያዋሕደው ነገር አያገኝም።

መልእክቱም ሲላክ ወደ አንድ አድራሻ አንድ ጊዜ ይላክ። አንዱን ማስታወቂያ ለሦስቱ ሰዎች ሦስት ጊዜ ቢልኩት፣ ከፋቹ ስሕተት መስሎት ሁለቱን ያጠፋል፤ በሌላ ቀን ስለ ልዩ ልዩ ጕዳይ ሦስት መልእክት ሲደርሰውም እንደ ለመደው ያጠፋል። በአንዱ መልእክት ራስጌ የሁሉም ስም ይጻፍ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የላከው መልእክት ነው። ሰላምታው ለፊልሞና፣ ለአፍብያ፣ ለአርክጳና በቤቱ ለተሰበሰበው ጉባኤ ነው፤ ቤቱ አንድ፣ ሰዎቹ ብዙ። ስለ አናሲሞስ የቀረበው ልመና ግን ለአንድ ሰው ነው፤ በዚያ ጊዜ ጸሐፊው «እናንተ» ማለቱን ትቶ «አንተ» ይላል። በጋራ አድራሻ የሚጽፍ ሹም ይህን ሥርዐት ቢከተል ማን ምን እንዲፈጽም እንደ ታዘዘ አያጠራጥርም። ማን እንደሚያነበው ስለማይታወቅም «አንቱ» ማለት ከ«አንተ» ይሻላል፤ ልጅ የሚከፍተው መልእክት ለአባት የሚነበብ ነውና።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በመሬት ጕዳይ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ይገባበታል፤ ይዞታው አንድ ሲሆን ባለ መብቶቹ ሁለት ናቸው። በአድራሻ መዝገቡ ግን የባልየው ስም ብቻ ከቀረ፣ ማስታወቂያ በተላከ ጊዜ ሚስቲቱ እንዳልተነገራት ትቈጠራለች። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ትእዛዝ የደረሰው ሰው አቤቱታውን በተወሰነ ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ቀኑም የሚቈጠረው ትእዛዙ ከደረሰው ጀምሮ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈገው ደንግጓል፤ ነገር ግን አራት ሰዎች በሚከፍቱት ሣጥን የገባ መልእክት ለየትኛው እንደ ደረሰ ሊያስረዳ አይችልም። ስለዚህ ይዞታን፣ ካሣን፣ ግብርን ወይም ክስን የሚነካ ጽሑፍ በጋራ አድራሻ ብቻ አይላክ፤ በወረቀት ለእያንዳንዱ ባለ መብት በፊርማ ይሰጥ። የአንዱን ምስጢር ሌላው እንዳያነበው መጠንቀቅም ከዚሁ ጋራ ነው።

የጐርፍ ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ ነው። የገፈርሳ ግድብ በትንሹ አቃቂ ላይ፣ ለገዳዲና ድሬ ደግሞ በትልቁ አቃቂ ራስጌ ናቸው፤ በክረምት ሞልተው ውሃ መልቀቅ ግድ ሲሆን በታች ያለው የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ቀድሞ መስማት አለበት። እንዲህ ያለውን ወሬ ብዙ ሰው በከፈተው ቍጥር ይሻላል። ቢሆንም ከፋቹ በዚያ ሌሊት ተኝቶ ሊያድር ስለሚችል፣ በሠንጠረዡ የተጻፈው የእያንዳንዱ ሰው ስልክ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።

በጂሜይል ለሚጠቀሙ ማኅበሮች አንድ ዘዴ አለ። ከ«አት» ምልክት በፊት ባለው ስም መጨረሻ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ቢጨመር፣ ለምሳሌ አንዱ «ጸሐፊ»፣ አንዱ «ገንዘብ ያዥ» ቢባል፣ መልእክቱ ሁሉ ወደዚያው ሣጥን ይገባል፤ መዝገቡ ግን ሁለት አድራሻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህን ምልክት የማይቀበሉ ቅጾች ስላሉ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ከማኅበሩ ሰው በተሻረ ወይም በሞተ ጊዜ የእርሱ መሥመር ብቻ ይዘጋ፤ አድራሻው የቀሩትም ነውና አይፋቅ። የተሻረው ራሱ ከፋቹ የነበረ እንደ ሆነ ግን ማኅበሩ የይለፍ ቃሉን መለወጡ እስኪረጋገጥ ድረስ ወደዚያ ሣጥን ምንም አይላክ፤ «በማን በኩል» የሚለው ዐምድም አዲሱ ከፋች በአካል ቀርቦ እስኪፈርም ባዶ ይሁን።