የከተሞች ቅርበትና ርቀት በመንገድና በምድር ባቡር እንዴት እንደሚለካ

፩ኛ፤ ርቀት ማለት ምን እንደ ሆነ

አንድ መንገደኛ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው፤ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ ሳይሆን «ስንት ሰዓት ያስኬዳል» ብሎ ነው። አባቶቻችንም «የሁለት ቀን መንገድ ነው» እያሉ ርቀትን በጉዞ ቀን ይለኩ ነበር። ይህም አለካክ ማስተዋል ያለበት ነው። ሁለት ከተሞች በካርታ ላይ ተቀራርበው ሲታዩ በመካከላቸው ገደል ቢኖር የተራራቁ ናቸው፤ ተራርቀው የሚታዩትም መልካም መንገድ ቢኖራቸው የተቀራረቡ ናቸው። ስለዚህ የከተሞችን ቅርበት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አራት ነገር ይለካል፤ ይኸውም የመንገዱን ርዝመት፤ የጉዞውን ሰዓት፤ የመጠበቂያውን ጊዜ፤ የጉዞውንም ወጪ ነው።

፪ኛ፤ የመንገዱ ርዝመት

በካርታ ላይ ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው በማስመሪያ ቢለካ የሚገኘው ወፍ የሚበርበት ቀጥተኛ ርቀት ነው። ሰው ግን በመንገድ ይሄዳል እንጂ አይበርም። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ቀጥተኛው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የቀድሞው የመኪና መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 100 ለ80 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ቀጥተኛው ርቀት 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው መንገድ ግን 560 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሲካፈል 1.75 ይደርሳል። ይህ ቁጥር ከ1 እየራቀ በሄደ መጠን መንገዱ ጠማማ መሆኑን ያስረዳል።

ምክንያቱም የምድሩ ሁኔታ ነው። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ድልድዩንም ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል፤ ከዚያም በኋላ የጮቄን ተራራ በምዕራብ በኩል ይዞራል።

፫ኛ፤ የጉዞው ሰዓት

ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ነጋዴው በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅበት የነበረውን ጉዞ መንገደኛው በሦስት ቀን ፈጸመው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ ስለ ነበረ መንገደኞቹ በድሬዳዋና በአዋሽ ያድሩ ነበር። ምድሩ አልተለወጠም፤ ከተሞቹ ግን ተቀራረቡ።

ነገር ግን ለአንዱ የቀረበው ለሌላው ይርቃል። ባቡሩ በመጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አስቸጋሪ፤ ወጪውም ብዙ ስለ ሆነ በግርጌው አለፈ። በዚያ ስፍራ ድሬዳዋ ተቈረቈረች፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ከጥንት ጀምሮ በሐረር ይሰበሰብ ከነበረው ንግድ ብዙው ወደ አዲሲቱ ከተማ ወረደ።

የድሮው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ሥራውን ካቆመ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ምድር ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ተሠርቶአል። 750 ለ120 ቢካፈል 6 ሰዓት ከሩብ ይሆናል፤ የጉዞው ሰዓት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ባቡር በየጣቢያው ይቆማልና፤ በዳገትም ፍጥነቱን ይቀንሳልና። ስለዚህ የመኪናን ወይም የባቡርን ከፍተኛ ፍጥነት ብቻ አይቶ ሰዓት መቍጠር ያሳስታል።

፬ኛ፤ ከደጅ እስከ ደጅ መቍጠር

እውነተኛው የጉዞ ሰዓት ከቤት ደጅ ጀምሮ እስከሚሄዱበት ደጅ ድረስ ያለው ነው። የቀድሞው የለገሃር ጣቢያ በአዲስ አበባ መካከል ነበረ፤ የአዲሱ መስመር ጣቢያዎች ግን በአዲስ አበባም በድሬዳዋም ከከተማው መካከል ርቀው ተሠርተዋል።

ለምሳሌ 120 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ከተሞች አሉ እንበል።

በአውቶቡስ፦ እስከ መናኸሪያው ግማሽ ሰዓት፤ መኪናው እስኪሞላ 1 ሰዓት፤ ጉዞው 3 ሰዓት፤ ከዚያ እስከ ደጅ ግማሽ ሰዓት፤ ድምሩ 5 ሰዓት ነው።

በባቡር፦ እስከ ጣቢያው 1 ሰዓት፤ መጠበቅ ግማሽ ሰዓት፤ ጉዞው 1 ሰዓት ተኩል፤ ከጣቢያው እስከ ደጅ 1 ሰዓት፤ ድምሩ 4 ሰዓት ነው።

እንግዲህ ባቡሩ በሐዲድ ላይ ከአውቶቡሱ እጥፍ ይፈጥናል፤ ለመንገደኛው የተረፈው ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ወደ ጣቢያው የሚያደርሱት መንገዶች በሁለቱም ከተሞች ተበጅተው ያ ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ፤ የባቡሩ ፍጥነት ሳይጨመር ሌላ አንድ ሰዓት ይተርፋል።

ደግሞም ባቡሩ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢነሣ ምን ይሆናል? እህል ጭኖ ለሚልክ ነጋዴ ብዙ ጕዳት የለውም፤ ዋጋው ከረከሰለት ይጠብቃል። በምጥ ለተያዘች ሴት ግን ባቡሩ እንደሌለ ይቈጠራል፤ ለእርስዋ አውቶቡሱ ይቀርባል። አውቶቡስ የሚከፍለው ገንዘብ ለሌለው ድኻ ደግሞ የቀረበው ከተማ እንኳ ሩቅ ነው።

፭ኛ፤ በካርታ ላይ ማሳየት

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ከለንደን ተነሥቶ በስንት ቀን ወዴት እንደሚደረስ የሚያሳይ የዓለም ካርታ አወጣ። እስከ 10 ቀን የሚደረስበትን አገር አረንጓዴ፤ ከ40 ቀን በላይ የሚያስኬደውን ቡናማ ቀባው። እኛም በዚሁ ዘዴ በ1 ሰዓት፤ በ2 ሰዓት፤ በ4 ሰዓት የሚደረስባቸውን ከተሞች በልዩ ልዩ ቀለም መቀባት እንችላለን። በ4 ሰዓት ውስጥ ደርሶ በዚያው ቀን ለመመለስ የሚቻልባቸው ከተሞች ሲቈጠሩ፤ ቍጥራቸው የአገራችንን ቅርበት ይናገራል።

መንገድ ለማሠራት የሚመክሩ ሰዎች ይህን ሳይለኩ ቢቀሩ፤ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው ሕዝቡን ከሐኪምና ከገበያ እንደ ራቀ ይተውታል። የለካ ግን የጐደለው የትኛው እንደ ሆነ፤ ሐዲዱ ወይም ድልድዩ ወይም ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው አጭር መንገድ እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል።

ጥያቄዎች

1. ከመንደራችሁ እስከ ቅርቡ ሆስፒታል ከደጅ እስከ ደጅ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የእግሩን፤ የመጠበቂያውንና የመኪናውን ለይታችሁ ጻፉ።

2. ይኸው ጉዞ በክረምትና በበጋ ልዩነቱ ስንት ነው? ሾፌሮችንና ነጋዴዎችን ጠይቁ።

3. ቀጥተኛው ርቀት 40፤ መንገዱ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን፤ መንገዱን ለቀጥተኛው ብታካፍሉ ስንት ይደርሳል?

4. ከእነዚህ ጊዜያት ማንኛው ቢቀንስ ብዙ ሰው ይጠቀማል? ምክንያቱን አስረዱ።