የመሪ ዘይት መፍሰስ፦ ከፓስካል ሕግ እስከ ጋራዥ

በአገራችን ጎዳናዎች ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ መኪናዎችን ማየት የተለመደ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ደግሞ ያሉትን ጠብቆ የመያዝን አስፈላጊነት አጉልቶታል። በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከሚዘወተሩት ብልሽቶች አንዱ የፓወር ስቲሪንግ ዘይት መፍሰስ ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች የጎደለውን እየሞሉ መንዳትን እንደ መፍትሔ ይቆጥሩታል። ይህ ልማድ ለምን እንደማይበጅና ምን መደረግ እንዳለበት ከሳይንስ አንጻር እንመለከታለን።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ የተገጠመለትን አውቶሞቢል ለገበያ ሲያቀርብ የተጠቀመበት መርሕ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀው የፓስካል ሕግ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። ሞተሩ በቺንጊያ አማካይነት ፓምፑን ያሽከረክራል፤ ፓምፑም ዘይቱን በግፊት ወደ ፒስተኑ ይልካል። ግፊቱ 7 ሜጋ ፓስካል፣ የፒስተኑ ስፋት 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኃይል የግፊትና የስፋት ብዜት ስለሆነ 7,000 ኒውተን እናገኛለን። ይህም 700 ኪሎ ግራም ያህል ከሚመዝን ዕቃ ክብደት ጋር ይስተካከላል።

ለምን ይፈስሳል?

ቱቦዎቹና ጎሚኒዎቹ የተሠሩበት ጎማ ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ የተያያዙበት ነው። የሞተሩ ሙቀትና የአየሩ ኦክስጅን ለዓመታት ሲፈራረቁበት በሞለኪውሎቹ መካከል ተጨማሪ ትስስር ይፈጠራል፤ ጎማውም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የመሪው ዘንግ የአቧራ መከላከያ ሲቀደድም አቧራ ገብቶ ዘንጉንና ጎሚኒውን ይቦረቡራል።

አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው ብንል፣ በደቂቃ አንድ ጠብታ ያለማቋረጥ ቢንጠባጠብ በ24 ሰዓት 72 ሚሊ ሊትር ይጠፋል። 360 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ በ5 ቀን ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል። አየር በቀላሉ ስለሚታመቅ ግፊትን እንደ ዘይት አያስተላልፍም፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ መሪ ሲጠመዘዝ የማጓራት ድምፅ ይሰማል፣ ፓምፑም ያለ በቂ ቅባት ይፋጫል። መሪው ከጎማዎቹ ጋር ያለው ሜካኒካዊ ግንኙነት ባይቋረጥም በድንገት ይከብዳል። ይህ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ ውጤቱ ከባድ ነው። በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይትም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ፍሳሹን መፈለግ

በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አካባቢው በጨርቅ ተጠርጎ ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን ይነጠፋል። ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ ሌላ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞር በባትሪ ብርሃን መመልከት ነው። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ ምንጩን ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ብሎ በሚገኘው ዘንድ እንፈልጋለን። ቱቦውን ግን በእጅ መዳሰስ አይገባም። በቀጭን ስንጥቅ የሚወረወር ዘይት ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም አስቸኳይ ሕክምና ያሻዋል።

መፍትሔው

ፍሳሹ ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነው የመመለሻ ቱቦ ከሆነ ማሰሪያውን ማጥበቅ ወይም ቱቦውን መለወጥ ይበቃል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ቱቦ ግን በጎማ ቁራጭ ወይም በሽቦ አይታሰርም፤ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ፍሳሽ ያቆማሉ የሚባሉት ኬሚካሎች የደረቀን ጎሚኒ ለጊዜው ያሳብጡ ይሆናል እንጂ የተቀደደን አይጠግኑም።

የዘይቱ ዓይነት በማጠራቀሚያው ክዳን ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው መሆን አለበት። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ዴክስሮን የተባለውን ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማሉ። በጎደለው ላይ የፍሬን ዘይት መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት መሠረቱ ግላይኮል ስለሆነ ለማዕድን ዘይት የተሠሩትን ጎሚኒዎች ያበላሻል።

ከጥገና በኋላ አየሩ መውጣት አለበት። የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው በጽኑ መደገፊያ ላይ ያርፋሉ፤ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ ደጋግሞ ይዞራል፣ ዘይቱም እየታየ ይሞላል። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሥቶ አረፋው እስኪጠፋ ይደገማል። መሪውን ዳር ላይ ጨቁኖ ማቆየት ግፊቱንና ሙቀቱን ከልክ በላይ ከፍ ስለሚያደርግ ከጥቂት ሰከንድ ማለፍ የለበትም።

የወጣው አሮጌ ዘይት አፈርንና ውኃን ስለሚበክል በዕቃ ተጠራቅሞ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስቡ ይሰጥ እንጂ መሬት ላይ አይደፋ። ዛሬ ከመኪና ሥር የምናያት ቀይ ጠብታ በጊዜ ከተመረመረች በአንድ ቱቦ ትታለፋለች፤ ችላ ከተባለች ግን ፓምፑን፣ ምናልባትም ሕይወትን ታስከፍላለች።