«ራሱን አልሳተም፤ ታዲያ ምን ነክቶት ነው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ቴኳንዶ ይሠራል። ሰሞኑን ውድድር ላይ ጭንቅላቱን በእግር ተመታ። አልወደቀም፣ ራሱንም አልሳተም፣ ግጥሚያውንም ጨረሰ። ማታ ግን ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ይጠይቀኝ ነበር። በማግስቱ ራሱን አመመው፣ መብራትም አስጠላው። ሄልሜት አድርጎ እንዴት እንዲህ ይሆናል? አሁን ልምምድ ልጀምር ይላል፤ ልፍቀድለት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይፍቀዱለት። የጻፉልኝ ሁሉ ሐኪሞች ኮንከሽን የምንለው የአንጎል መናወጥ ምልክት ነው። ሐኪም ሳያየው ልምምድ ቦታ መቅረብ የለበትም።

አንጎል ከራስ ቅል ጋር አልተጣበቀም፤ በፈሳሽ ተከብቦ ነው የሚኖረው። በቅል የተቀመጠ እርጎ ያስቡ፤ ቅሉን ድንገት ቢያዞሩት እርጎው ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ጭንቅላት በምት ሲዞርም አንጎል እንዲሁ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚያች ቅጽበት ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ። ክሮቹ ባይበጠሱ እንኳ ፖታሲየም ከሴሎቹ ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ሴሎቹ ይህን ለማስተካከል ብዙ ጉልበት በሚፈልጉበት ሰዓት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ልጅዎ ግራ የተጋባውና መብራት ያስጠላው ለዚህ ነው። መናወጥ ራሱ በሲቲ ስካን አይታይም፤ ሲቲ የሚታዘዘው ደም መፍሰስ ሲጠረጠር ነው።

በቴኳንዶ ብዙውን ጊዜ መናወጥን የሚያመጣው ዶልዮ ቻጊ የሚባለው ከጎን ዞሮ የሚመጣ የእግር ምት ነው። እግሩ ጉንጭ ወይም አገጭ ላይ ሲያርፍ ፊት ወደ ትከሻ ይጠመዘዛል። ተመቺው ምቱን ካላየው አንገቱን ስለማያጠነክር ይብስበታል። የነጥብ አሰጣጡም ወደ ጭንቅላት ይገፋፋል። ሰለሞን ቱፋ ሀገራችንን ወክሎ በተሰለፈበት የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ደረት ላይ ያረፈ ተራ የእግር ምት 2 ነጥብ ሲያስገኝ ጭንቅላት ላይ ያረፈው 3፣ ጀርባን አዙሮ ጭንቅላት ላይ የተመታው ደግሞ 5 ነጥብ ያስገኝ ነበር። በጁዶ መንገዱ ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ የተጣለ ልጅ አገጩን ወደ ደረቱ ካልሳበ የጭንቅላቱ ጀርባ ምንጣፉን ይመታል።

ሄልሜት ቆዳ እንዳይሰነጠቅና አጥንት እንዳይሰበር ይረዳል፤ ጭንቅላት እንዳይዞር ግን አያደርግም። ሄልሜቱን ተማምኖ ምቱን የሚቀበል ወጣት በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ራሱን አለመሳቱስ?

መልስ፦ ይህ አያጽናናዎት። አንጎላቸው ከተናወጠ ሰዎች ከ10 ዘጠኙ ያህል ራሳቸውን አይስቱም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግጥሚያውን መጨረሱ ነው። ባላገገመ አንጎል ላይ ሌላ ምት ሲጨመር፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ አንጎል በፍጥነት አብጦ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ለሕክምና ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ መናወጥ የተጠረጠረበት ተወዳዳሪ በዚያው ቅጽበት ይወጣል፣ በዕለቱም አይመለስም። ፋይናል ቢሆንም!

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ይመለስ?

መልስ፦ ከተመታ በኋላ ያሉትን 24 እስከ 48 ሰዓታት ቀለል ባለ እረፍት ያሳልፍ፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንስ። አልጋ ላይ መዋል ግን አያስፈልገውም፤ ቀስ ብሎ መራመድ ይጠቅመዋል። ከዚያ ትምህርቱ ይቅደም። ስፖርቱን ከቀላል እንቅስቃሴ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይመለስበት፤ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፣ ምልክቱ ከባሰበት ወደ ኋላ ይመለስ። ፍልሚያ የመጨረሻው ነው፤ እሱም ሐኪም ሲፈቅድ። በእሱ ዕድሜ እስከ አንድ ወር ሊወስድ ስለሚችል መጪው ውድድር ቢያመልጠው አይዘኑ። ማስተሩም የሆነውን ይወቅ፤ ልጆች ከውድድር ላለመቅረት ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከእንቅልፉ ለመንቃት ከተቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ወይም የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።